ኢላንዶቹን ጠይቁ

በደቡብ አፍሪካ ድራከንስበርግ ተራሮች፣ ካምበርግ ከሚባለው ሸለቆ በላይ፣ ጌም ፓስ የሚሉት ቦታ አለ። ዋሻ ለማለት ይከብዳል፤ ተራራው ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ጣሪያ የሆነለት ረጅም የዓለት ግድግዳ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ኢላንድ እየሞተ ነው። አንድ የሳን ሠዓሊ ከሳለው ጀምሮ እስከ ዛሬ እየሞተ ነው።

ኢላንድን የማያውቅ ካለ፦ በአካሉ ከአንቴሎፕ ወገን የሚተካከለው የለም ማለት ይቻላል። ኮርማው እስከ 900 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ከአንገቱ ሥር እንደ በሬ የተንጠለጠለ ቆዳ አለው፣ ሥጋውም ስብ የበዛበት ነው። በእኛም አገር ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መንጋው አለ። የጌም ፓሱ ኢላንድ ግን አንገቱን ወደ መሬት ደፍቷል፣ ጸጉሩ ቆሟል፣ የኋላ እግሮቹ ተጠላልፈዋል። ሊወድቅ ነው። ከኋላው አንድ ሰው ጅራቱን ይዞ ቆሟል። አሁን የሰውየውን እግር እዩት። እንደ ኢላንዱ ተጠላልፏል። ጫፉ ላይ ደግሞ ጣት የለም፤ ሰኮና ነው።

ይኼን ሥዕል መጀመሪያ በፎቶ ሳየው ወደ አእምሮዬ የመጣው ነገር ለብዙ ዘመን አውሮፓውያን ሲሉት የኖሩት ነው፦ አደን። አዳኙ እንስሳውን መትቶታል፣ አሁን ጅራቱን ይዞ ሊጥለው ነው፣ በቃ። ሰኮናውስ? ሰኮናውን «ለአደን የለበሰው ቆዳ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እንደዚያም ተብሏል።

ግን ሥዕሎቹን ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሲመጣ ነገሩ መበላሸት ጀመረ። ሃራልድ ፔገር በዚያው ድራከንስበርግ ንዴዴማ በሚባል አንድ ገደል ውስጥ ብቻ፣ በ17 የዓለት ጥላዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ምስሎችን መዘገበ። ሥራው በ1971 ታተመ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓትሪሺያ ቪኒኮምብ በ1976 ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ የአካባቢውን ሰዎች «የኢላንድ ሕዝብ» ብላ ጠራቻቸው። ምክንያቱም በእነዚያ ተራሮች ከሌሎች እንስሳት ሁሉ በላይ በብዛትም በጥንቃቄም የተሳለው ኢላንድ ነው። በአካባቢው በመንጋ ይግጥ የነበረው ዊልደቢስት ግን በሥዕሎቹ ውስጥ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ሥዕሉ የምግብ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ይኼ አይሆንም ነበር። የሚበላውን ሁሉ አልሳሉትም፤ መርጠው ነው የሳሉት። ለምን?

የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የማያውቅ እንግዳ አስቡ። ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ተስለው ሲያይ «ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን መሳል አቅቶት ነው» ሊል ይችላል። ሕጉን የሚነግረው ሰው ካላገኘ በራሱ ግምት ይሞላዋል። የሳን ሥዕል ላይ የደረሰው ይኼው ነው፤ ልዩነቱ ሕጉን የሚያውቁት ሰዎች እየታደኑ የሚገደሉ መሆናቸው ነው።

ግምቱ እስከ የት እንደሚሄድ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ናሚቢያ ውስጥ ብራንድበርግ በሚባል ተራራ ላይ በ1918 ራይንሃርድ ማክ የሚባል ጀርመናዊ ቀያሽ አንድ ሥዕል አገኘ። ቁመቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከወገቡ በታች ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ቀስት የያዘ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ቄስና የቅድመ ታሪክ ሊቅ አንሪ ብሩይ ይኼን ሲያይ «ነጭ ሴት ናት» አለ። ከሜዲትራኒያን፣ ከቀርጤስ አካባቢ የመጣች። በ1955 ይኼንኑ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ሥዕሉን የሚያጠኑ ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው፤ ወንድ ነው፣ አፍሪካዊ ነው፣ ነጩ ነገር ደግሞ ሰውነት ላይ የሚቀባ ቀለም ነው። ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ፤ ጎብኚዎች እስከ ዛሬ «ነጯን እመቤት» ሊያዩ ነው የሚሄዱት።

በነገራችን ላይ ብሩይን እኛም እናውቀዋለን። በ1933 ድሬዳዋ መጥቶ ፖርክ ኤፒክ የተባለውን ዋሻ አጥንቷል፣ ስለ ሐረርጌ የዓለት ሥዕሎችም ጽፏል። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ በሕይወቱ ሙሉ ዓለት ሲያይ የኖረ ነው። ብዙ ያየ ሰው እንዲህ መሳሳቱ ነው ነገሩን የሚያከብደው። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር የአገሬው ሰው እጅ ሠራው ብሎ ለመቀበል አልቻለም።

እሱ ያንን ከመጻፉ ከሰማንያ ዓመት በፊት ግን ሥዕሎቹን የሚያነብ ሰው ተገኝቶ ነበር።

በ1873 መጨረሻ ጆሴፍ ኦርፐን የሚባል የቅኝ መንግሥት ሹም የማሎቲ ተራሮችን፣ ማለትም የዛሬዋን ሌሶቶ፣ ሲያቋርጥ መንገድ መሪ ፈለገ። ያገኘው ቂንግ የሚባል ወጣት የሳን አዳኝ ነው። ኦርፐን እንደጻፈው ቂንግ እስከዚያ ቀን ድረስ ነጭ ሰው ያየው በውጊያ ብቻ ነበር። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ትምባሆ እያጨሱ ቂንግ ተረት ይነግረዋል፤ ቀን ቀን በየዓለቱ ሥዕሎች ያሳየዋል። ኦርፐን ዓለምን ስለፈጠረው ስለ ካገን ሲሰማ የት እንደሚገኝ ጠየቀው። የቂንግ መልስ ባጭሩ ይኼ ነበር፦ እኛ አናውቅም፣ ኢላንዶቹ ግን ያውቃሉ፤ ድምፁን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ እሱ ይሮጣሉ።

እስኪ ቆም ብላችሁ አስቡት። ፈጣሪው የት እንዳለ የሚያውቀው ካህን አይደለም፣ ሽማግሌ አይደለም። የሚታደነው እንስሳ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የመጣው ከእስር ቤት ነው። በኬፕታውን ብሬክዋተር የሚባል እስር ቤት ውስጥ ኻም የሚባሉ የሳን ወገኖች ታስረው ነበር፤ ብዙዎቹ በከብት ስርቆት። የበጎቹ ባለቤቶች ደግሞ የውኃ ጉድጓዶቻቸውን ይዘው፣ የሚታደነውን እንስሳ ጨርሰው፣ አገሩን እርሻ ያደረጉት ሰፋሪዎች ነበሩ። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ቪልሄልም ብሊክና የሚስቱ እህት ሉሲ ሎይድ ከ1870 ጀምሮ ከእነዚህ እስረኞች ጥቂቶቹን ቤታቸው አስቀምጠው ቋንቋቸውን መማር ጀመሩ። ካቦ፣ ዲያክዌይን፣ ሃንካሶ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። (ስማቸውን በትክክል አልጻፍኩትም። የምላስ ጠቅታ ድምፅ አለበት፤ ያን ሁሉ ፊደል ይዘን ለዚህ ድምፅ የሚሆን አንድም የለንም።) የካቦ ስም «ሕልም» ማለት ነው። የእስር ጊዜው ካለቀ በኋላም ቤቱ ሚስቱ እየጠበቀችው ቆይቶ አስተማረ፤ የሕዝቡ ታሪክ በመጽሐፍ እንዲታወቅ ይፈልግ ነበር። ከዚያ ቤት የወጣው ማስታወሻ ወደ 12,000 ገጽ ይደርሳል። ብሊክ በ1875 ሲሞት ሎይድ ሥራውን ይዛ ቀጠለች፤ ከስብስቡ የተመረጠው መጽሐፍ የታተመው በ1911 ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ጀግና እሷ ናት፤ ስሟ ሁልጊዜ ከብሊክ በኋላ መጠራቱም ደስ አይለኝም።

በእነዚያ ገጾች ውስጥ ካገን አለ። አንዳንዴ ሰው፣ አንዳንዴ ማንቲስ፣ ማለትም የፊት እግሮቹን እንደሚጸልይ ሰው አጥፎ የሚቆመው ቀጭን ነፍሳት ነው። ሚስቱ ሽኮኮ ናት፣ የማደጎ ልጁ ጃርት። አታላይም ነው፣ ቂልም ነው፣ ፈጣሪም ነው። ኢላንድን የፈጠረው ከአንድ አሮጌ ጫማ ነው ይላሉ። የአማቹን ጫማ ወስዶ ሸምበቆ መሃል ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ኢላንድ ይሆናል። በድብቅ ማር እየቀባ ያሳድገዋል። ቤት ውስጥ ማር ሲጠፋ ቤተሰቡ ይጠራጠራል፣ ልጅ ልከው ያሰልላሉ፣ እሱ በሌለበት ኢላንዱን ይገድሉታል። ካገን መጥቶ ሲያይ ያለቅሳል። ሐሞቱን ሲወጋው ይፈነዳና ዓለም ይጨልማል። ዓይኑን በሰጎን ላባ ጠርጎ ላባውን ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ጨረቃ ትሆናለች።

ከዚህ ተረት በኋላ ኢላንድ መግደል ተራ ነገር አይሆንም። ካገን ልጁን ለማትረፍ ይመጣልና። ዲያክዌይን እንደነገራቸው፣ ኢላንድ በመርዝ ቀስት የወጋ አዳኝ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ መሮጥ የለበትም፤ ቀስ ብሎ፣ እንደታመመ ሰው ነው የሚራመደው። እሱ ከሮጠ ኢላንዱም ይሮጣል። ለብቻው ጎጆ ይሠራለታል፣ አንድ ሽማግሌ እንደ በሽተኛ ያስታምመዋል። ካገን ደግሞ ቅማል ሆኖ ይመጣና ይነክሰዋል። አዳኙ ቅማሏን ከገደለ አለቀ፤ ቀስቱን በያዘው እጁ ላይ የቅማሏ ደም ይነካና መርዙ ይበርዳል፣ ኢላንዱም ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ እያሳከከው፣ እየበላው፣ ሳይነቃነቅ ያድራል።

ካቦም ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል፤ ሰውነቱ ደብዳቤ ይቀበላል። ስፕሪንግቦክ የምትባለዋ ሚዳቋ ከመምጣቷ በፊት በጎኗ ላይ ያለው ጥቁር ጸጉር በራሱ አካል ላይ ይሰማዋል፣ እግሯ ቁጥቋጦ ሲነካ በእግሩ ይሰማዋል። አሁን ወደ ጌም ፓስ ግድግዳ ተመለሱ። ኢላንዱ እግሩን አጠላልፎ ሲወድቅ የሰውየውም እግር መጠላለፉ ትንሽ አልገባችሁም?

ትንሽ ብቻ። ምክንያቱም ሌላም አለ። ቂንግ ለኦርፐን ስለ አንድ ጭፈራ ነግሮት ነበር። ካገን የሰጣቸው፣ ወንድና ሴት በክብ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፍሩት። አንዳንዶቹ እንዳበደ ሰው ይወድቃሉ፣ ከአፍንጫቸው ደም ይፈሳል። የሚዳቋ ራስ ያላቸውን የሰው ሥዕሎች ሲያሳየውም እነዚህ የሞቱ፣ አሁን ወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው አለው፤ ጥፋታቸውንም ከኢላንዶቹና ከዚያው ጭፈራ ጋር አያያዘው። ኦርፐን ጻፈው እንጂ የገባው አይመስለኝም። ማንም ሳይገባው መቶ ዓመት አለፈ።

በ1950ዎቹ ሎርና ማርሻልና ቤተሰቧ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ከጁትዋሲዎች ጋር ሲኖሩ ያን የመሰለ ጭፈራ በዓይናቸው አዩ። ሴቶቹ እሳቱን ከብበው ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ወንዶቹ በዙሪያቸው ይዞራሉ። ለዘፈኖቹ የእንስሳት ስም አላቸው፤ የኢላንድ፣ የቀጭኔ። በዘፈኑ ውስጥ ኖም የሚባል ኃይል አለ፤ ፈዋሹ ሲጨፍር ኖም ሆዱ ውስጥ ይፈላና በጀርባው አጥንት ሽቅብ ይወጣል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጎብጣል፣ ይወድቃል። እነሱ ይኼን «ሞት» ይሉታል። ከዚያ ተነሥቶ እጁን በሰዎች ላይ እየጫነ በሽታቸውን ይስባል።

ዴቪድ ሉዊስ ዊልያምስ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ተመራማሪ እነዚህን ሦስቱን፣ ቂንግን፣ የኬፕታውን እስረኞችንና ካላሃሪን፣ ከሥዕሎቹ ጎን ደረደራቸው። በ1981 ያሳተመው መጽሐፍ የሚለው እንዲህ ነው፦ በመርዝ የተወጋ ኢላንድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይደፋል፣ እግሩ ይጠላለፋል፣ ይወድቃል። ጭፈራ ላይ ያለ ፈዋሽም እንደዚያው። ሁለቱም «ይሞታሉ»። ኢላንዱ ሲሞት ኃይሉን ይለቃል፤ ጅራቱን የያዘው ሰው አዳኝ ሳይሆን ያንን ኃይል የሚወስድ፣ ወስዶም ራሱ ኢላንድ እየሆነ ያለ ፈዋሽ ነው። ሰኮናው ልብስ አይደለም። ይኼንን ግድግዳ የሮዜታ ድንጋይ ብሎ ጠራው፤ ግብፃውያን ጽሑፍ የተፈታበትን ድንጋይ ለማስታወስ።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ «ዛር ነው በለና!» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይኼንኑ ነው። ግን አቅጣጫው የተገለበጠ ነው። ዛር ከውጭ ይመጣና ሰውየውን ፈረሱ ያደርገዋል። የካላሃሪው ፈዋሽ ግን የሚጋልበው የለም፤ ኃይሉ ከውስጡ ነው የሚፈላው፣ ወጥቶ የሚሄደውም የራሱ መንፈስ ነው።

ዝናብም አለ፣ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኦርፐን የገለበጣቸው ሥዕሎች ኬፕታውን ሲደርሱ ብሊክ ለዲያክዌይን አሳየው። አንዱ ላይ ሰዎች ጉማሬ የመሰለ አንድ ግዙፍ እንስሳ በገመድ ይስባሉ። ዲያክዌይን ወዲያው አወቀው፤ የዝናብ እንስሳ ነው። የዝናብ ባለሙያዎች ከውኃ ውስጥ ይይዙትና በደረቀው አገር ላይ እየጎተቱ ይወስዱታል፣ ያርዱታል፣ ደሙ የፈሰሰበት ቦታ ይዘንባል። ዝናብም ወንድና ሴት አለው፤ ነጎድጓድ ይዞ መሬቱን የሚገርፈው ወንዱ ነው፣ ቀስ ብሎ አፈሩን የሚያርሰው ሴቷ። ቂንግም ስለ ውኃ ውስጥ ሰዎች ነበር የተናገረው። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም፣ በመካከላቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለ፣ ግን ሁለቱም ሥዕሉን ከውኃ ጋር አገናኙት።

በዚህ ንባብ የማይስማሙም አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አን ሰለሞን የምትባል ተመራማሪ ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ የሆኑት ምስሎች ሁሉ ፈዋሾች ናቸው መባሉን አትቀበልም፤ የሙታን መንፈሶችና በመጀመሪያው ዘመን፣ እንስሳት ገና ሰው ሳሉ የነበሩት ፍጥረቶች ናቸው ባይ ነች። ቂንግ ራሱ «የሞቱ ሰዎች» ነው ያለው፤ ቃሉን ለምን እናጣምማለን? ደግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ናሚቢያ ውስጥ አፖሎ 11 በተባለው ዋሻ የተገኙት ሥዕል ያለባቸው የድንጋይ ጠፍጣፋዎች ከ25,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ አንዱ የአውሬ አካል ላይ የሰው የሚመስል እግር አለው። በ1950ዎቹ በታየ ጭፈራ ያን ሁሉ ዘመን ማንበብ ይቻላል?

እኔ ጌም ፓስ ላይ ከሉዊስ ዊልያምስ ጋር ነኝ። የጭፈራውና የአፍንጫው ደም ነገር ከካላሃሪ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከዚያው ተራራ ሰው ከቂንግ አፍ ወጥቷል። ነገር ግን በ1988 ከቶማስ ዳውሰን ጋር ሆኖ ነጠብጣቡንና ዚግዛጉን ራሱን በሳተ አንጎል ውስጥ በሚታዩ ቅርጾች ሲያስረዳ ከእሱ ጋር መሄድ ያቅተኛል። አንጎል የሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ኢላንድ ግን የእነሱ ነው። የቂንግን መልስ የነርቭ ጉዳይ ካደረግነው ያ ወጣት እሳት ዳር የተናገረው ነገር ይጠፋብናል።

ሠዓሊዎቹ እንዴት እንዳለቁ ረጅም ታሪክ ነው። በመጨረሻዎቹ ሥዕሎች ላይ ፈረስና ጠመንጃ ይታያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከማሎቲ ሠዓሊዎች አንዱ ፈረስ ዘርፎ ሲሸሽ ተተኩሶበት ሞተ፤ ቀበቶው ላይ አሥር ትንንሽ የቀንድ ዕቃዎች ተንጠልጥለው ተገኙ፣ በየውስጣቸው ቀለም ነበረባቸው። የኻም ቋንቋም ተናጋሪ ሳይቀረው ጠፋ። በ2000 ደቡብ አፍሪካ አዲስ አርማ ስታወጣ መሃሉ ላይ ያደረገችው ከዓለት ሥዕል የተወሰዱ የሳን ምስሎችን ነው፤ መፈክሩንም በኻም ቋንቋ ጻፈችው። ዜጎቿ ሁሉ የሚይዙት፣ ማንም የማይናገረው ቋንቋ። ሥዕሉ ያለበት ድንጋይ በ1917 ከቦታው ተቆርጦ ኬፕታውን ሙዚየም ገብቷል።

በ1930 ሌሶቶ ውስጥ ማሪዮን ዎልሻም ሃው የምትባል ሴት ማፖቴ የሚባል ሽማግሌ አገኘች። የአለቃ ሞሮሲ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከሳን ወንድሞቹ ጋር ዓለት ላይ ሥዕል ተምሯል። እንዲያሳያት ለመነችው። ቀዩ ቀለም ከተራራ የሚመጣ ድንጋይ ነው፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደጅ ላይ አንዲት ሴት እሳት ውስጥ አግላ ታዘጋጀዋለች። ከዚያ አዲስ የታረደ ኢላንድ ደም ያስፈልጋል አላት፤ ትኩስ ካልሆነ ይረጋል፣ ድንጋዩም አይመጠውም። ኢላንድ ግን በአካባቢው አልነበረም፣ አልቋል። የበሬ ደም አመጡለት። ሽማግሌው ብሩሹን ነከረና ከምን እንደሚጀምር ነገራት፤ የዚህ አገር ሳኖች የኢላንድ ሰዎች ስለነበሩ መጀመሪያ የሚስለው ኢላንድ ነው።